ለጀሪካኑ የታረምኩበት ሳምንት

ሽንት ይዋሻል ብላችሁ ታስባላችሁ? እኔ አስዋሽቼዋለሁ።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ጠጠር ጣለኝ። በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ኦከርን የሚባል ሰፈር የማጸዳው ቢሮ ወለል ላይ፣ መወልወያዬን እንደያዝኩ ተጠቅልዬ "እመብርሃን!" እያልኩ ጮህኩ። ሁለተኛዬ ነው። ሦስተኛውንስ አያሳየኝ! ጠጠሩ ሲመረመር ካልሲየም ሆኖ ተገኘ። ለካ አጥንት የሚሠራልን ካልሲየም ኩላሊት ውስጥ ድንጋይም ይሠራል!

ፋስትለጌዬ፣ ቋሚ ሐኪሜ ማለቴ ነው፣ ባዶ ጀሪካን አስታቀፈችኝ። የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት ሽንትህን ጠብታ ሳታስቀር አጠራቅም፣ ካልሲየሙ በዝቶ እየወጣ እንደሆነ እንይ፣ እስከዚያው እንደ ወትሮህ ብላ አለችኝ።

እንደ ወትሮዬ? እንግዳ ሊመጣ ቤቱን የማያጸዳ ማን አለ? ደግሞ እኔ የጽዳት ባለሙያው! ነርስነት የምትማረው ልጄ ቤቴል፣ ጨው ሲበዛ ካልሲየሙን ወደ ሽንት ያስወጣዋል ስትል ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ወጡን ሳልቀምስ ነው ጨው የምነሰንሰው። ያን ሳምንት ግን ሽሮዬን ያለ አንዲት ቅንጣት ጨው በላሁ። ጭቃ ጭቃ አለኝ።

የሞላውን ጀሪካን ቬስትሊ ከሚባለው ሰፈሬ በባቡር እንደ ሕፃን ታቅፌ አደረስኩ። ውጤቱ ንጹሕ! እልል ልል ስል ሐኪሟ ግራ ገባት። ታዲያ ጠጠሩ ከየት መጣ? አንገታችን ውስጥ ካልሲየሙን የሚያዝዙ፣ ምስር የሚያካክሉ አራት እጢዎች አሉ አለችኝ። ይሄ ሁሉ ቁመት በምስር ሲታዘዝ! በደም ምርመራ እነሱም ደህና ሆኑ። እንግዲያው ሆስፒታል ልላክህ አለች።

ቤቴል ይህን ስትሰማ ጮኸችብኝ። "ናይ፣ አይሆንም አባዬ! እውነቱን ንገራት። ጠጠሩ ሲመለስ የምትጮኸው አንተ ነህ!"

ሄጄ በላብ ተጠምቄ ተናዘዝኩ። ሌላ ጀሪካን ሰጠችኝ። ይህንን እንደ ወትሮዬ ጨዌን እየነሰነስኩ ሞላሁት። ካልሲየሙ ከልክ በላይ ሆነ።

ሐኪሟ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ ሳቀች። ያለ ጨው ልኩን፣ በጨው ከልክ በላይ። እኔ ግን ሁለቱን ቁጥሮች ደጋግሜ አየሁ። ጨው ሲወጣ ካልሲየሙን አስከትሎ ይወጣል። ሽሮዬ ላይ የነሰነስኳትን ቁንጥር እኔ ረስቻት፣ ሰውነቴ አልረሳትም። እግዚኦ! እንዲህ ያለ ታዛቢ ይዤ ነው ሃምሳ ዓመት የኖርኩት?

መድኃኒት ያዘዘችልኝ መስሏችኋል? እኔን ባታለልክበት ሳምንት እንደኖርከው ዕድሜ ልክህን ኑር አለችኝ።