የጤና ጣቢያው መኪና ኮፈን የተቀባበት ዘጠነኛው ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን
ቦታ፦ መሰብሰቢያ ክፍል፤ ከሦስተኛው አጀንዳ ጀምሮ መኪና ማቆሚያው
ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ 3፡50 ተጀመረ

የተገኙ፦
1. ሥራ አስኪያጁ፣ ሰብሳቢ
2. የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ አባል (መኪናዋን ማንም እንዳይነካ ስለሚሉ ሠራተኛው «አይነኬ» የሚላቸው)
3. የሕግ ባለሙያዋ፣ አባል
4. የዕቅድ ክፍል ኃላፊው፣ አባል
5. የቤት ለቤት ነርሷ፣ ያለ ድምፅ
6. ሾፌሩ፣ ያለ ድምፅና ያለ ወንበር
7. የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ጸሐፊ (ፈቃዱ ሳይጠየቅ የተመረጠ)

ምልዓተ ጉባኤው አራት ነው፤ አባላቱም አራት ናቸው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ምንም ነገር መወሰን እንደማይቻል የሕግ ባለሙያዋ አስታውሰው፣ ሰብሳቢው ስብሰባውን ከፍተዋል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

መኪናዋ የተገዛችው ነርሷ ከአልጋ መነሣት የማይችሉ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዳ እንድትረዳ መሆኑ ተነቧል። ቀለሟ መከላከያ ሳይቀባ ከግቢ እንዳትወጣ ቀለሟን ለመጠበቅ የተቋቋመው ይህ ኮሚቴ በመጀመሪያው ስብሰባ የወሰነው ውሳኔም ተነቧል። ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሆኖታል። መኪናዋ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ ነርሷ በእግሯ ትሄዳለች።

ነርሷ እጇን አውጥታ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ልብስ ሰፊ የእግራቸው ቁስል ከታሸገ ስድስት ቀን እንዳለፈው፣ ዛሬ ካልተጠረገና ካልታሸገ እግሩ ሊቆረጥ እንደሚችል፣ በእግሯ ከሄደች ደግሞ ሳይመሽ እንደማትደርስ አስረድታለች። ሰብሳቢው ጉዳዩ ልብ የሚነካ መሆኑን ገልጸው፣ «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ እንዲታይ አዘዋል። እሱ መጨረሻ ላይ ነው።

አጀንዳ 2፦ ቅቡን መምረጥ

አቶ አይነኬ መኪና የሚቀባው ሰም ፀሐይ ሲያገኘው በሁለት ወር ቀልጦ እንደሚያልቅ፣ እሳቸው ያመጡት ፈሳሽ ቅብ ግን ቀለሙን ከፀሐይ፣ ከአቧራና ከወፍ ኩስ ለሁለት ዓመት እንደሚጠብቅ፣ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፈው አስረድተዋል። የሕግ ባለሙያዋ ወፏ በሦስተኛው ዓመት ብትመጣ ኃላፊነቱ የማን እንደሚሆን ጠይቀዋል። የዕቅድ ክፍል ኃላፊው ቅቡ የሚሞከርበት ሁለተኛ መኪና እንዲገዛ ሐሳብ አቅርበዋል። ሁለተኛዋም በተራዋ ቅብ ያስፈልጋታል በሚል ሐሳቡ በሦስት ተቃውሞ ወድቋል። አንዱን የድጋፍ ድምፅ የሰጡት ራሳቸው ናቸው።

ሾፌሩ መኪና የሚጠበቀው በመታጠብ ነው ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ ድምፅ እንደሌላቸው ተነግሯቸዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ አቶ አይነኬ ያቀፉት ጠርሙስ ተመርጧል። ሌላ ጠርሙስ አልቀረበም።

አጀንዳ 3፦ ቅቡን መቀባት

ሸራው ተነሥቷል። ሾፌሩ ማልደው አጥበው አድርቀዋታል። አባላቱ ዞረው አይተዋታል፤ እውነትም ውብ ነበረች።

ከኮፈኑ እንዲጀመር፣ አድልዎ እንዳይኖርም ኮፈኑ ለአራት ተከፍሎ እያንዳንዱ አባል ድርሻውን እንዲቀባ ተወስኗል። አቶ አይነኬ የዕቅድ ክፍል ኃላፊው ሦስት ጣት ያህል ድንበራቸውን እንደገፉ አመልክተዋል። የተከሰሱት ኃላፊ ክሱን አስተባብለው ሌላ ሁለት ጣት ጨምረዋል።

ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መሠረት ቅቡ በተቀባ በሦስት ደቂቃ ውስጥ በደረቅ ጨርቅ መወልወል አለበት። ሾፌሩ ይህንኑ፣ «አለቃ፣ ይሄ ነገር ከደረቀ አይለቅም፤ ቶሎ በሉ እንጂ!» ሲሉ ሁለት ጊዜ አሳስበዋል። የሕግ ባለሙያዋ ግን መወልወል ራሱን የቻለ አራተኛ አጀንዳ መሆኑን፣ ሦስተኛው በፊርማ ሳይዘጋ አራተኛውን መክፈት ሥርዓት ማፍረስ መሆኑን አብራርተዋል። ያለው አንድ እስክርቢቶ አልጽፍ በማለቱ ፊርማው ዘጠኝ ደቂቃ ፈጅቷል።

አጀንዳ 4፦ መወልወል

አጀንዳው ሲከፈት የዕቅድ ክፍል ኃላፊው ስልክ ለማነጋገር ዞር ብለው ስለነበር ምልዓተ ጉባኤው ጎድሏል። ሾፌሩ ጨርቃቸውን ኮፈኑ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ሰብሳቢው እጃቸውን እንዲሰበስቡ አዘዋል። ነርሷ ንግግሯ ቃል በቃል እንዲያዝ ስለጠየቀች እነሆ ተይዟል፦ «ኧረ በፈጣሪ! ጨርቅ ለማንሣት አራት ሰው? እኔ እዚህ ቆሜ የሰውዬው እግር እኮ እየሄደ ነው!»

ኃላፊው ከሃያ አንድ ደቂቃ በኋላ ተመልሰው፣ ባለቤታቸው የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ጠፍቷቸው እንደነበር፣ አሁን መገኘቱን ለጉባኤው አብሥረዋል። ወዲያው እንዲወለወል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ተወለወለ። አልለቀቀም። አቶ አይነኬ በጥፍራቸው፣ ቀጥሎም በመታወቂያ ካርዳቸው ጠርዝ ሞክረው አንድ ስንዝር ጭረት ጨምረዋል። ኮፈኑ በሰነፍ ኖራ ቀቢ እጅ የወደቀ ግድግዳ መስሏል፤ የማን ድርሻ የት እንደሚያልቅ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። አባላቱ ይህን ማን እንዳመጣው ሲጠያየቁ ቆይተው ሁሉም ወደ ጸሐፊው ዞረዋል። ጸሐፊው ድምፅ እንደሌለው በትሕትና አስታውሷል።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ኮፈኑን ዞረው ካዩ በኋላ፣ በሚቀጥለው ወር የሚመጡትን እንግዶች በዚህች መኪና ለመቀበል አስበው እንደነበር፣ አሁን ግን ሰው ፊት ይዘዋት እንደማይቀርቡ ተናግረዋል። ለእንግዶች መታሰቧን ኮሚቴው የሰማው ያን ጊዜ ነው። ነርሷም ያን ጊዜ ነው የሰማችው። ጸሐፊው በሰብሳቢው ፋንታ አፍሯል።

የሕግ ባለሙያዋ ውበቱ የሄደን ቀለም መጠበቅ ትርጉም እንደሌለው አስረዱ። ነርሷ ቦርሳዋን አንሥታ፣ «እንግዲያው ልሂድባት?» አለች። አቶ አይነኬ የሚከለክሉበት ምክንያት ለአራት ደቂቃ ፈልገው አጡ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ዘርግተው ሁለት ጊዜ መልሰው፣ በሦስተኛው ሰጧት። ጸሐፊው አዝኖላቸዋል፤ ብዙ ግን አይደለም።

ውሳኔ፦ ኮሚቴው ከመጀመሪያው እስከ ዘጠነኛው ስብሰባ ያሳለፋቸው ውሳኔዎች፣ ከግቢ አትውጣ የሚለውን ጨምሮ፣ በሙሉ ተሽረዋል። የሚጠበቅ ነገር ስለሌለ ኮሚቴው ፈርሷል። መኪናዋ ለተገዛችበት ሥራ ትዋል።

ስብሰባው 6፡25 አብቅቷል። መኪናዋ የወጣችው 6፡10 ነው፤ ስብሰባው ሳያልቅ ወጣች እንዳይባል ሰብሳቢው 6፡30 ተብሎ እንዲታረም አዘው ነበር፤ አልታረመም።

ይህ ቃለ ጉባኤ በንጹሕ ሲገለበጥ ነርሷ ከልብስ ሰፊው ቤት ደውላ እግራቸው እንደሚተርፍ ለኮሚቴው እንዲነገርላት ጠይቃለች። ጸሐፊው በየቢሮው ዞሯል። ኮሚቴው ስለፈረሰ መልእክቱን የሚቀበል አባል አልተገኘም።