ከባቡር ሐዲድ የተለቀመ የሐሞት ጠጠር

(ቃሊቲ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ። መናኸሪያው አጠገብ የሴቶች ልብስ ሱቅ ያላት ሃዊ አልጋዋ ላይ በሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። የአክስቷ ልጅ ዳሲቱ ልታስታምማት ከመጣች ሁለት ሳምንቷ ነው። ዳሲቱ ጠጠር የሞላ ሰሃን ይዛ ቆማለች።)

ሃዊ፦ ይሄ ጠጠር ነው?

ዳሲቱ፦ ጠጠር ነው።

ሃዊ፦ ዳሲቱ፣ ይሄ ድንጋይ ነው። ቤት ይሠራበታል።

ዳሲቱ፦ ጠጠር አምጪ አልሽኝ እንጂ ልኩን አልነገርሽኝም።

ሃዊ፦ ከየት ነው ያመጣሽው?

ዳሲቱ፦ ከባቡሩ ሐዲድ ሥር። ጥበቃው ምን ሊያደርግልሽ ነው አለኝ። ከሰው ሆድ ወጣ ልንል ነው አልኩት። "እግዜር ይማራት" ብሎ ለቀቀኝ።

ሃዊ፦ ጎበዝ። በዚያው ለቀበሌም ነግረሽ ብትመጪ ጥሩ ነበር። አሁን ስሚኝ። የዕድሩ ሴቶች አሥር ሰዓት ላይ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። እኔ ደግሞ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ሆንኩ ብያቸዋለሁ። ሰብሳቢያችን እትዬ ዙፋን የራሳቸውን የሐሞት ጠጠር በብልቃጥ አድርገው ቡፌ ላይ ካስቀመጡት አራት ዓመታቸው ነው። እንግዳ ሲመጣ ከልጆቻቸው ፎቶ በፊት እሱን ነው የሚያሳዩት። "ያንቺስ የታለ?" ሳይሉኝ የሚወጡ ይመስልሻል?

ዳሲቱ፦ አይወጡም።

ሃዊ፦ እንግዲያው ሽንብራ የሚያክሉትን ምረጪ።

ዳሲቱ፦ ስንት ይበቃል? የሳቸው አሥራ አንድ ነው።

ሃዊ፦ ዘጠኝ አድርጊው። ከበለጥኳቸው ይቀየሙኛል።

ዳሲቱ፦ ልጠባቸው?

ሃዊ፦ እጠቢያቸው እንጂ። ናፍጣ የሚሸት ሐሞት የት አገር አለ?

ዳሲቱ፦ ቃሊቲ ነዋ።

ሃዊ፦ በይ አሁን እንለማመድ። አንቺ እትዬ ዙፋንን ሁኚ።

ዳሲቱ፦ (ነጠላዋን አስተካክላ፣ ድምጿን አወፍራ) ምነው ልጄ፣ ምን ሰማሁ? የት ጋ ነው የቀደዱሽ?

ሃዊ፦ እዚህ ጋ፣ ጎኔን ነው እትዬ። (ልታሳይ እጇን ታነሳና ፊቷን አጨማድዳ ደረቷን ትይዛለች) ውይ።

ዳሲቱ፦ ጎኗን የተቀደደች ሰው ደረቷን ለምን ትይዛለች?

ሃዊ፦ እትዬ ዙፋን እንደዚህ አይሉም።

ዳሲቱ፦ ይላሉ። እጅሽንስ ከትከሻ በላይ ለምን አታነሺም ይላሉ። እኔ ሐሞቴን ባወጡልኝ ማግስት መጋረጃ ሰቅያለሁ ይላሉ።

ሃዊ፦ ነርቭ ነክቶባት ነው በያቸው።

ዳሲቱ፦ የምን ነርቭ?

ሃዊ፦ የሐሞት ነርቭ ነዋ። አንቺ ስለ ሕክምና ምን ታውቂያለሽ?

ዳሲቱ፦ ምንም። ይሄ ሐኪሙ ስድስት ሳምንት አታውልቂው ያለሽ ጥብቅ ጡት መያዣስ?

ሃዊ፦ ሐሞቱ እንዳይንሸራተት ነው።

ዳሲቱ፦ ወደ ላይ?

ሃዊ፦ ዝም ብለሽ ጠጠርሽን እጠቢ።

ዳሲቱ፦ (ጠጠሩን እያጠበች) እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር አለ።

ሃዊ፦ አንድ ብቻ? ተመስገን።

ዳሲቱ፦ ልታወጪው ለምን አስገባሽው?

ሃዊ፦ ሳስገባው ላወጣው ነበር እንዴ? ሱቁን ልከፍት ስል ነው። ቀሚስ ሰው ላይ ታይቶ ነው የሚሸጠው። የኔ ደረት ደግሞ ያኔ አስፋልት ነበር። ለዕቃ ቱርክ ሄጄ በዚያው ደረቴ ላይ ሲሊኮን አስገባሁ። ከዚያማ ምኑን ልንገርሽ፣ "አንቺ የለበስሽውን ስጪኝ" ያላለችኝ ደንበኛ የለችም። ሦስት ዓመት ነገሥኩ።

ዳሲቱ፦ ከዚያስ?

ሃዊ፦ ከዚያ ግራው ደደረ። በጎኔ መተኛት አቃተኝ። የጨርቅ ጆንያ ማንሳት አቃተኝ። ሐኪሙ በማሽን አይቶ ሽፋኑ ተቀዷል፣ ሁለቱም ይውጡ አለኝ። ስምንት ወር ለመንኩት። አንዱን ብቻ አውጣልኝ ሁሉ ብዬዋለሁ።

ዳሲቱ፦ በቀኝ በኩል ብቻ ልትሸጪ?

ሃዊ፦ ሳቂ። በመጨረሻ አንዷ ደንበኛዬ አቅፋ ስትስመኝ ከሕመሙ የተነሳ ጮህኩባት። ሴትዮዋ ደነገጠች። የዚያን ዕለት ላስወጣው ቆረጥኩ።

ዳሲቱ፦ ደግ አደረግሽ። ቢያንስ አሁን ትተኛለሽ።

ሃዊ፦ እተኛለሁ። ግን ፈርቻለሁ ዳሲቱ። ፋሻው ሲቀየር ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ደንበኞቼ እነዚሁ የዕድሩ ሴቶች ናቸው። ሱቅ ገብተው ደረቴን እያዩ ሲጠቃቀሱ ይታየኛል። "ለካ ያ ሁሉ ጎማ ነበር" ሲሉ። ይሄን ከምሰማ ሞቴን እመርጣለሁ። ስለዚህ ሐሞት ነው፣ አለቀ።

ዳሲቱ፦ እሺ፣ ሐሞት ነው።

ሃዊ፦ የወጣውንስ የት አደረግሽው? ሐኪም ቤት በላስቲክ አድርገው የሰጡንን? ሳይመጡ ደብቂው።

ዳሲቱ፦ እትዬ ዙፋን ጋ ነው።

(ሃዊ ልትነሳ ትሞክራለች፤ አልሆነላትም።)

ሃዊ፦ ምን አልሽ?

ዳሲቱ፦ ትናንት አንቺ ተኝተሽ መጡ። የወጣላትን አሳዪኝ አሉ። አሳየኋቸው።

ሃዊ፦ ጠጠር ነው አትያቸውም?

ዳሲቱ፦ ጠጠሩን ያዘዝሽኝ ዛሬ ነው። ትናንት የወጣልሽ እሱ ብቻ ነበር።

ሃዊ፦ ታዲያ ምን አሉ?

ዳሲቱ፦ ጫን ጫን አደረጉትና "ጥሩ ዕቃ ነበር" አሉ። ለሌሎቹ ላሳይ ብለው ወሰዱት። አሁን ከብልቃጡ ጎን ነው አሉ፣ ቡፌው ላይ።

ሃዊ፦ አንቺ ደነዝ፣ ጉድ ሠራሽኝ። ሰፈሩ ሁሉ አወቀ ማለት ነው።

ዳሲቱ፦ ሰፈሩ ካወቀ አምስት ዓመቱ ነው። ከቱርክ ስትመለሺ ደረትሽ ቀድሞሽ ከታክሲ ሲወርድ እኔም ልቀበልሽ መጥቼ ሁላችንም ደጅ ቆመን ነበር። ሲገባ ያየ ሰው፣ ሲወጣ ሐሞት ነው ቢሉት ያምናል?

ሃዊ፦ (ድምጿን ዝቅ አድርጋ) ታዲያ አንቺ ከሐዲድ ሥር ጠጠር ስትለቅሚ የዋልሽው ለምንድን ነው?

ዳሲቱ፦ ሐኪሙ አታስጨንቋት ብሏል።

ሃዊ፦ እነሱስ ምን ሊያዩ ነው የሚመጡት?

ዳሲቱ፦ ጠጠሩን። እትዬ ዙፋን "ሐሞት ነው ካለች ሐሞት ነው፤ የሳቀች በዕድሩ ደንብ ትቀጣለች" ብለዋል።

ሃዊ፦ (ዓይኗን እየጠረገች) ልብሱስ? ከእንግዲህ እኔ ላይ አይቶ ማን ይገዛኛል?

ዳሲቱ፦ ለሱ አታስቢ፣ ደስ ብሏቸዋል። አንቺ ላይ ያማረውን ገዝተው ቤት ሲለኩት ደረቱ እየተረፋቸው ተቸግረው ነበር። አሁን በልካቸው ልታመጪ ነው።

ሃዊ፦ ሲተርፋቸው ለምን አልመለሱልኝም?

ዳሲቱ፦ እንዳታፍሪ ብለው ነዋ። ከሱቅሽ ጎን ያለው ልብስ ሰፊው ሀይረዲን ጋ ወስደው ያስጠብቡት ነበር። ከልቡ ያዘነልሽ እሱ ብቻ ነው። ጠዋት መጥቶ በር ላይ ቆሞ "ከዳነች በኋላ መልሳ አታስገባውም?" እያለ ዕንባ ዕንባ ይለው ነበር።