ጸበል ላይ የለፈለፈው ሲጋራ

ደባርቅ ለሚያጨስ ሰው የተመቸች ከተማ ናት። ስሟን ማጥፋቴ አይደለም፤ ጉሙን ማለቴ ነው። ከሊማሊሞ በኩል ሽቅብ ይወጣና መንገዱን፣ ባጃጁን፣ ሰውን ሁሉ ይውጠዋል። እዚያ ውስጥ ቆሞ ጭስ የሚያወጣን ሰው ማን ለይቶ ያየዋል? በዚያ ብርድ የሁሉም አፍ ይጨሳል። የቄሱም፣ የፖሊሱም፣ የበቅሎውም። እኔም በመካከላቸው ቆሜ አሥራ ሰባት ዓመት አጨስኩ።

መደበቅን ምን አመጣው ትሉኝ ይሆናል። አገራችንን ታውቋት የለም እንዴ? እኛ ዘንድ ሲጋራ የያዘ ሰው ከታየ ወሬው ከሱ ቀድሞ ንስሐ አባቱ ቤት ይደርሳል። ደግሞ እኔ መምህር ነኝ። ያውም የባዮሎጂ! ሳንባን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አሳምሬ እሥላለሁ። «እነዚህን ትንንሽ የአየር ከረጢቶች ጭስ ያበላሻቸዋል፤ አንዴ ከተበላሹ አይመለሱም» እላለሁ። ተማሪ ይጽፋል። ደወል ይደወላል። እኔም ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ እሄድና የራሴን ከረጢቶች አጨስባቸዋለሁ። ማወቅ ቢያድን ኖሮ መምህራን ሁሉ ጻድቃን በሆንን ነበር።

ሚስቴ ስንዱ ግን ታውቃለች። ሚስት ምን ይደበቃታል? አንድም ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም። መስኮት ትከፍታለች፣ በቃ። በደባርቅ ብርድ መስኮት መክፈት ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ከፍታ ጋቢዋን ትደርብና ትቀመጣለች። አንዳንዴ ታስላለች። ደረቅ፣ አጭር ሳል። እሷ ሲጋራ በእጇም ነክታ አታውቅም። «ብርዱ ነው» እላታለሁ። «ይሆናል» ትለኛለች።

ለማቆም ያልሞከርኩ እንዳይመስላችሁ። በየዘመን መለወጫው አቁሜያለሁ። በየዐቢይ ጾሙ አቁሜያለሁ። እንዲያውም አንድ ዓመት ከወተትና ከቅቤ እየጾምኩ በዚያው በጾሙ ሲጋራ ሳጨስ ራሴን ያዝኩት። በሆዴ እጾማለሁ፣ በሳንባዬ እበላለሁ!

ታዲያ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት፣ አብሮን የሚያስተምር ጓደኛችን አባቱ ሞቱበትና ለቅሶ ሄድን። አገሩ ከሊማሊሞ መንገድ ወደ ታች፣ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ነው። መውረዱን ወረድኩት። እግሬ ራሱ ይወርዳል፤ ከሥር ቆላው ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል፤ ተራራው በተራራ ላይ እየደበዘዘ ይሄዳል። ሕልም ውስጥ የምሄድ መሰለኝ። አለቀስን፣ ቀመስን፣ እግዜር ያጽናህ አልን። ተነሣን።

መውጣቱ ነው ጉድ ያፈላው። ጓደኞቼ እየተጫወቱ ይወጣሉ። እኔ መጀመሪያ ጨዋታው ቀረብኝ። ቀጥሎ «እህ» ማለቱ ቀረብኝ። «ቅደሙ፣ እደርሳለሁ» አልኳቸው በእጄ። ጉሙ መጣና ዋጣቸው። እኔ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አየር አለ፤ ደረቴ አጠገብ ይደርሳል፤ አይገባም። ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ሰማሁ። ወፍ መስሎኝ ነበር። የገዛ ደረቴ ነው።

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? ስንዱን አይደለም። ሞትን አይደለም። ኪሴ ውስጥ ያለችው ሲጋራ ረጥባ እንደሆነ አሰብኩ። አሁን ድረስ ያሳፍረኛል።

ከጉሙ ውስጥ አንድ አህያ ወጣች። ሁለት ጀሪካን ጭናለች። ከኋላዋ ቢጫ ቆብ ያደረጉ፣ ቀጭን፣ ሽማግሌ መነኩሴ። አባ ኪሮስ ይባላሉ። ከመንገዱ ከፍ ብሎ ያለውን ጸበል የሚያጠምቁ እሳቸው ናቸው። ቆመው አዩኝ።

«ምን ሆንክ ልጄ?»

«ደረ... ደረቴን አባ።»

ሌላ አልጠየቁም። ጀሪካኖቹን አወረዱና በቦታቸው እኔን ጫኑኝ። የባዮሎጂ መምህር፣ በከረባት፣ እግሩ መሬት እየጎተተ፣ በአህያ! እሳቸው ሰባውን ያለፉ ይመስላሉ። ሁለቱን ጀሪካን አንጠልጥለው ዳዊታቸውን እየደገሙ ከጎኔ ይወጣሉ። ትንፋሻቸው ዝንፍ አይልም። እኔ ተጭኜ አለከልካለሁ።

ጓደኞቼ ስዘገይባቸው ተመልሰው ወርደው ጸበሉ አጠገብ አገኙኝ። ትንሽ አርፌ ትንፋሼ መለስ ብሎልኝ ነበር። ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ አሉ። አቀበቱን ሳየው ነፍሴ እንቢ አለች። አባ ኪሮስ «ሰባት ቀን ይጠመቅ፤ ከባሰበት በቃሬዛ እናወጣዋለን» አሉ። ለስንዱ ተነገራትና በማግስቱ ጋቢዋን ይዛ ወርዳ መጣች።

ሲጋራዎቼስ? ኪሴ ውስጥ እንዳሉ ጸበሉ ውስጥ አብረውኝ ገቡ። ሱቅ የለ፣ የሚያጨስ የለ። እንደ ሰማዕት ቆርጬ አቆምኩ አልላችሁም፤ ተይዤ ነው ያቆምኩት።

የመጀመሪያው ቀን አለፈ። በሁለተኛው ራሴን በመዶሻ ይመቱኝ ጀመር። እጄ ይንቀጠቀጣል። እንቅልፍ የለም። ላብ በብርድ ያሰጥመኛል። ስንዱ ቆሎ ብትሰጠኝ ተቆጣኋት፤ ውኃ ብትሰጠኝ ተቆጣኋት። አጠገባችን ያሉት ጸበልተኞች እያዩኝ ያማትባሉ። «ሊለፈልፍ ነው፤ ተነካክቷል» ይባባላሉ። እኔ ግን በሽታዬን አውቀዋለሁ፤ ሰውነቴ ኒኮቲኑን እየጠየቀ ነው። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ በምን አፌ ልናገር?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተራዬ ደረሰና ከጸበሉ ሥር ገባሁ። ያን ውኃ በረዶ ነው ካላችሁ የበረዶውን ስም አጠፋችሁ። ጥርሴ ተፋጨ፤ መላ አካሌ ይንዘፈዘፋል። አባ ኪሮስ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ።

«ማን ነህ? ተናገር!»

ስሜን ልነግራቸው ነበር። በእውነት ስሜን ልነግራቸው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሲጋራ ነኝ!»

አንዲት ሴት እልል አለች። አባ ቅንድባቸውን እንኳ አላነሱም።

«ከየት ያዝከው?»

«ከ... ከመምህራን ኮሌጅ። ከመኝታ ቤቱ ጀርባ።»

«ስንት ዘመን ተቀመጥክበት?»

«አሥራ ሰባት ዓመት!»

«ምኑን በላኸው?»

«ትንፋሹን። እንቅልፉን። አቀበቱን።»

«እሱን ብቻ ነው የያዝከው? ወይስ ሌላም አለ?»

ውኃው ይወርዳል። ከውኃው ማዶ ስንዱ ጋቢዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ታያለች። ታስላለች። በዚያ ንጹሕ አየር፣ ጭስ በሌለበት ተራራ፣ ያች ደረቅ ሳል። ብርዱ ነው ልበል እንግዲህ?

«ሚስቱንም» አልኩ። «ሚስቱንም ይዣታለሁ። እሷ አላጨሰችም። እኔ ነኝ ያጨስኳት።»

ማነው የተናገረው? እኔ ነኝ? እሱ ነው? እስካሁን አላውቅም። ስንዱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ውኃው ስለሚወርድ ግን አልታወቀብኝም።

«ትለቃለህ?» አሉ አባ።

«እለቃለሁ።»

«መቼ?»

አሥራ ሰባት ዓመት የለመደ አፍ አይደል? «ነገ» አልኩ።

አንድ ባልዲ ሙሉ ተለቀቀብኝ። «ነገ የምትለው ማንን ነው?»

«ዛሬ! አባ፣ ዛሬ! አሁን!»

ሰባቱን ቀን ጨረስኩ። ከአምስተኛው ጀምሮ መንቀጥቀጡ ቀነሰ። በሰባተኛው ጠዋት ስነቃ አንድ ሽታ ሸተተኝ። እርጥብ አፈር፣ የጦስኝ ቅጠል፣ የአህያ ጀርባ። ይህ ሁሉ ሽታ እስከዛሬ የት ነበር? ተጋድሜ ዝም ብዬ አሸተትኩ። ዓለም ከሩቅ ቀስ እያለች ወደ እኔ የምትመለስ መሰለኝ።

አባ ኪሮስ ሲሸኙን «አሁን ቀጥ ብለህ ሐኪም ዘንድ» አሉኝ። «ባለቤትህንም አስመርምር። እኔ የማውቀውን አድርጌያለሁ፤ ሐኪሙ ደግሞ የሚያውቀውን ያድርግ።»

ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። አንድ ቱቦ አስነፋችኝና ወረቀቱን አየችው። የአየር መንገዴ ጠቧል። የተበላሸው አይመለስም፤ ካላጨስኩ ግን የተረፈው ይተርፋል። ካጨስኩ ግን ሳንባው ብቻ አይደለም፣ ልቤም ደም ሥሬም፣ ካንሰሩም አለ አለችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩትን ትምህርት ተቀምጬ ተማርኩ። የስንዱ ቀላል ነው፤ ጭሱ ከቤት ከወጣ ይሻላታል አለች።

«አምሮቱ ሲመጣስ?» አልኳት።

«ይመጣል። ግን ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው። አይከራከሩት መምህር። ውኃ ይጠጡ፣ ይንቀሳቀሱ፣ ያልፋል። መለኮሻዎትን ይጣሉ። ለሰው ይንገሩ፤ ተደብቆ ያጨሰ ሰው ተደብቆ ሲያቆም ተደብቆ ይጀምራል። ብቻዎን ካቃተዎት ደግሞ ይምጡ፤ የሚያግዝ መድኃኒት አለ።»

ለሰው መንገሩን እኔ አልደከምኩበትም። ጸበልተኞቹ ደባርቅን አልፈው ዳባት ድረስ አዳርሰውልኛል። ክፍል ስገባ ተማሪ ሁሉ ተነሥቶ ሰላም ይለኛል፤ ዓይኑ ግን «ወጣ?» ይላል። እንዲህ ታይቶ ማን ደፍሮ ያጨሳል? አምሮቱ ሲመጣ ወደ ገበያው እሄዳለሁ፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። አንዴ ብቻ፣ በአንድ ሠርግ ላይ፣ ግማሽ አጨስኩ። ማታውኑ ለስንዱ ነገርኳት። «ግማሹን ጥለኸዋል አይደል?» አለችኝ። በማግስቱ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ሳሏ ከዚያ ክረምት በኋላ ጠፋ። እኔ ደስ ብሎኝ ሳዳምጥ «ምን ታፈጥብኛለህ?» ትለኛለች።

ይኸውላችሁ፣ አቆምኩ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ሕልም የሚባል ነገር አለ።

ካቆምኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ፣ አንድ ቀን በሕልሜ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጬ አጨሳለሁ። ጸሐይ ልትጠልቅ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከሥሬ ሣር ይነጫሉ፤ አንዳቸውም አይታዘቡኝም። ጭሱ ከአፌ እየወጣ ወርቅ ይሆናል። አይከረክርም፣ አይሸትም። ደረቴ ሰፊ ነው። ነገር ዓለሙ ሁሉ እሺ እሺ ይለኛል። ስነቃ አፌ ጣፍጦኛል! ልቤ ግን ወደቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለቀቀ ያልነው ሌሊት ሌሊት እየመጣ ያድር ኖሯል?

ለስንዱ እንኳ ሳልነግር አባ ኪሮስ ዘንድ ወረድኩ። አህያዋን ውኃ ያጠጣሉ። መስቀል ተሳለምኩና ሁሉንም አወራሁላቸው፤ ገደሉን፣ ጸሐይዋን፣ ጭላዳዎቹን፣ ወርቁን ጭስ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«አባ፣ እንደ ኃጢአት ይቆጠርብኛል?»

ዙሪያቸውን አየት አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ ከመመንኮሴ በፊት ወታደር ነበርኩ» አሉ። «ያቺን ሲጋራ ከጣልኳት አርባ ዓመት አልፏል።»

ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ።

«ያልከው ቦታ፣ ጭላዳ ያለበት አይደል? ጸሐይ ስትጠልቅ?»

«አዎ አባ።»

«ታዲያ» አሉኝ፣ ቅር እንዳለው ሰው፣ «እዚያ ድረስ መጥተህ እኔን ሰላም ሳትለኝ ተመለስክ?»