እልልታ የሌለው ግብር

እናንተዬ፣ ግብር በዛብኝ እያለ የሚያለቅስ ሀብታም ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ጋሽ አዳሙ ይባላሉ፤ ባሕር ዳር ላይ፣ ከጣና ዳር፣ ሁለት ሆቴል አላቸው። «ከትርፌ ሲሶውን ወሰዱብኝ፤ ራቁቴን ቀረሁ!» ሲሉኝ አንጀቴን በሉት።

በንግሥ ዕለት ግን ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ አንድ ጃንጥላ ለጨረታ ወጣ። ጋሽ አዳሙ ስማቸው በድምፅ ማጉያ በተጠራ ቁጥር ዋጋ እየጨመሩ፣ ጃንጥላውን በመኪና ዋጋ ወሰዱት። እልልታው ደቅ ደሴት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«ይህስ አልከበደዎትም?» አልኋቸው።

«ግብር ስከፍል ማን እልል ይልልኛል?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው! እኔ መምህሩ ግብሬ ከደመወዜ ላይ ገንዘቡን ሳላየው መቆረጥ ከጀመረ ሃያ ዓመት ሞላው። እንግዲያው እልልታው ይምጣ፤ ግን ከእኔ ይጀመር። የሃያ ዓመት ውዝፍ አለኝ!