አበበ በጠባብ ሳጥን

እኩል ነገር የሚወድ ሰው ያስፈራል። አንዱ እኔ ነኝ። ቦሌ በየማለዳው አዲስ ፎቅ ይበቅልባት በነበረበት በዚያ ዘመን፣ መስኮቶቹ በእኩል ተሰልፈው ሳይ ልቤ ይረካ ነበር፤ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው እንዴት ተጣጥፎ እንደሚኖር ግን ጠይቄ አላውቅም።

ታላቅ ወንድሜ ንጉሤ ልጁን ሜሮንን ሊድር ሲነሳ፣ እንደ ደንቡ ሰባት ቤት መቆጠር ነበረበት። ከሰባት ቤት ወዲህ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። እኔ ሥልጡኑ አጎት የሁለቱን ወገን የዘር ሐረግ በወረቀት ይዤ ኦሎምፒያ ቢሮ ወዳላት ሂሩት ወደምትባል ፕሮግራም ሠሪ ሄድኩ። እያንዳንዱ ሰው በሳጥን፣ ዝምድናው በመስመር ኮምፒዩተር ላይ እንዲታይ ነው። «ሳጥኖቹ ጠበብ ብለው እኩል ይሁኑልኝ፤ ዘመድ ሁሉ ባንድ ስክሪን ይግባ» አልኳት።

«ስም ይቆረጣል እኮ» አለችኝ።

«ግድ የለም» አልኳት። ለካ ግድ ነበረው።

ሽማግሌዎች ቦሌ ሚካኤል ወንድሜ ቤት ተሰብስበው ኮምፒዩተሩ ተከፈተ። በእኛ ወገን አምስተኛው ቤት ላይ «አበበ በላ» ይላል። በሙሽራውም ወገን አምስተኛው ቤት ላይ «አበበ በላ»። የጎደለው በሶው ብቻ ነው።

ንጉሤ መነጽሩን አወለቀ። «አያታቸው አንድ ነው። ሠርጉ ቀርቷል» አለ። ሜሮን ጓዳ ሆና ስታለቅስ ተሰማ። እዚያው ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት ግን አንዳችንም አላሰብነውም፤ ኮምፒዩተር ተናግሮ ወረቀትን ማን ይሰማል?

ሂሩት ዘንድ ደወልኩ። መጣች፣ አየች፣ ወደ ወንድሜ ዞረች። «ጋሼ፣ በላ የሚባል አባት ያውቃሉ?»

ንጉሤ መነጽሩን መልሶ አድርጎ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

ከዚያ ተቀምጣ ስትሠራ ያየኋትን ልንገራችሁ። ሳጥኑን ዝም ብላ አላሰፋችም። ፕሮግራሙ ስሙን በራሱ ፊደል አስቀድሞ እንዲለካ፣ ሳጥኑም በስሙ ልክ እንዲሰፋ አደረገች። አንዱ ሲሰፋ ጎረቤቱ ላይ ይወጣል፣ ልክ እንደ እኛ ሰፈር አጥር፤ እሷ ግን ማንንም ሳታፈናቅል ለሁሉም ቦታ እየሰጠች መስመሮቹን እንደገና ዘረጋች። የቀረበላት ሻይ ቀዘቀዘ። እጅ ይባርክ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው።

የእኛው አበበ በላይነህ ሆኖ ወጣ። የእነሱ አበበ በላቸው። በሕይወት ዘመናቸው ተያይተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች። ሐረጉ አሁን ወጣ ገባ ነው፣ ባንድ ስክሪንም አይገባም፤ ግን ሰው ሁሉ ከነሙሉ ስሙ አለበት። ከጓዳ እልልታ ተሰማ።

ንጉሤ ግን የዋዛ አይደለም። «ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው?» ሲል ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሂሩትን አዩ። ካሁን በኋላ ማን ሥራ ይሰጣታል? እኔ ምንጣፉን አየሁ። እሷ ደግሞ እኔን አየችኝ።

«የሳጥኑ ነው ጋሼ» አለች። «ጠቦ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሳጥኑን ይቅር አሉት። በሠርጉ ዕለት ሳጥኑ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሥልጡኑ አጎት ተብሎ ከፊት ወንበር ተቀመጠ። በላም።