በሹክሹክታ የተከበረ ወርቅ

ሕልም ውስጥ ጮኻችሁ ታውቃላችሁ? አፋችሁን እስከ ጥግ ከፍታችሁ፣ ጉሮሯችሁን ወጥራችሁ፣ ያላችሁን ትንፋሽ ሁሉ አጠራቅማችሁ ስትለቁት ድምፅ የሚባል ነገር የለም። አውቶቡሱ ጥሏችሁ ይሄዳል፤ ወይም ከዓመታት በፊት የቀበራችሁት ወንድማችሁ በመንገዱ ማዶ ሲያልፍ ታዩታላችሁ፣ ትጠሩታላችሁ፣ አይሰማም። ከእንዲህ ዓይነት ሕልም የነቃ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጉሮሮውን መጥረግ ነው። አለ ወይስ የለም ብሎ።

እኔ ይህን ሕልም ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ዓይኔን ገልጬ፣ ከአሥራ አራት ሰዎች ጋር አይቼዋለሁ። ቱቅባ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ።

ያኔ ዐረብ አገር፣ ኾበር ከተማ፣ አል ራዋቢ የሚባለው ሰፈር፣ ለአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነበርኩ። አርብ አርብ የቤቱ ጌታ መኪናውን ራሱ ይዞ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ፣ ደማም ወዳለው አባቱ ቤት ይሄዳል፤ የሚመለሰው ሰው እራት በልቶ ሲያበቃ ነው። ስለዚህ አርብ የእኔ ነበረች። የትርንጎም ነበረች። ትርንጎ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ የደጀን ልጅ፣ ሃያ አራት ዓመቷ፣ ከመጣች ሁለት ዓመት ያለፋት። የቤቱ እመቤት፣ ማዳም፣ እኔን የምታውቀኝ የትርንጎ አጎት አድርጋ ነው፤ ባዳ ሆነን ቢሆን አንድ መኪና ውስጥ አብራ አታስገባንም ነበር። አጎቷ መሆኔን ለማዳም የነገረቻት ትርንጎ ናት። ለእኔ የነገረችኝ ከሳምንት በኋላ ነው።

አርብ ከሰዓት ሁለታችን የምንሄደው ቱቅባ፣ ጋሽ ጴጥሮስ ቤት ነበር። ቱቅባን ለማታውቁት፦ አሮጌ ሰፈር ነው፤ ከአሥር አገር የመጣ ሠራተኛ በአንድ ደረጃ የሚወጣበትና የሚወርድበት። ጋሽ ጴጥሮስ የወላይታ ሶዶ ሰው ነው፤ ኤሲ ይጠግናል። ሚስቱ ማርታ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። እኛ ጴንጤዎቹ በእነሱ ሳሎን ተሰብስበን እንጸልያለን። ይህ ደግሞ በአገሩ ሕግ የማይፈቀድ ነው፤ ዘመድ ያልሆኑ ወንድና ሴት አንድ ክፍል መቀመጣቸው ራሱ ሌላ ጥፋት ነው። ከታወቀ ፖሊስ ይመጣል፣ ፖሊስ ካፊሉን፣ አሠሪህን፣ ይጠራል፣ ካፊሉ ኢቃማህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ ነጥቆ ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫ፣ ያስመታብሃል፤ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ እናትህ ነው፣ ባዶ እጅህን።

ስለዚህ በሹክሹክታ እንጸልያለን። ጴንጤ ሆኖ በሹክሹክታ መጸለይ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? ቁመተ ረጅም ሰው አልጋ ሥር ሲኖር አስቡት። በሁለት ጣት እናጨበጭባለን። ሃሌሉያችን የጀበና እንፋሎት ይመስላል። የሰውን ሁሉ ኤሲ ፀጥ የሚያሰኘው ጋሽ ጴጥሮስ፣ ቤቱ ውስጥ የሰቀለው ከቱቅባ ኤሲዎች ሁሉ የባሰውን ጯሂ ነበር፤ ሆን ብሎ ነው፣ ድምፃችንን እንዲሸፍን። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ነው። በዚያ ተማምነን ሦስት ዓመት ኖርን።

ትርንጎ ኦርቶዶክስ ናት። የምትመጣው ለሰው ናፍቆት፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ለማርታ ሽሮም ጭምር ነው። ነጠላዋን ተከናንባ ጥግ ትይዝና፣ «እናንተ የራሳችሁን ጸልዩ፤ እኔ እመቤቴን አስቀይሜ ቤቴ አልገባም» ትላለች። ማንም አይነካትም። ችግሯ ሌላ ነው፤ እልልታዋ። አንድ አርብ የማርታ እህት በሰላም ተገላገለች የሚል ስልክ ሲመጣ፣ ትርንጎ ሳታስበው ግማሽ እልልታ አመለጣት። ግማሽ የሆነው ማርታ ትራስ አፏ ላይ ስለጫነችባት ነው። በሩ አሁን ተንኳኳ አሁን ተንኳኳ እያልን አንድ ሳምንት ሙሉ ስንባንን ከረምን።

እንግዲህ ኦሎምፒኩ በቻይና የሆነ ጊዜ፣ የሴቶቹ የአሥር ሺህ ሜትር ሩጫ ለእኛ አርብ አመሻሽ ላይ ዋለ፤ ልክ በጸሎታችን ሰዓት። ጋሽ ጴጥሮስ መጀመሪያ አይሆንም አለ።

«የእግዚአብሔርን ሰዓት ለቴሌቪዥን?»

«ጴጥሮስ፣» አለችው ማርታ፣ «በየሳምንቱ ለአገራችን ሰዎች እንጸልይ ትላለህ። የምትሮጠዋ ልጅ የማን ሰው ናት?»

ትንሽ አሰበና ተሸነፈ፤ ግን ደንብ አወጣ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይዘጋል። ማንም ሰው፣ ምንም ነገር ቢመጣ፣ ድምፅ አያሰማም። ይህን ብሎ ሁላችንንም በዓይኑ ዞረና ትርንጎ ላይ ቆመ። «በተለይ አንቺ።»

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች።

ሩጫው ተጀመረ። ድምፅ የሌለው ሩጫ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሰዎቹ መሬት የሚረግጡ አይመስሉም። ኤሲው ያጓራል፣ በመጋረጃው ቀዳዳ የገባው የአመሻሽ ብርሃን ምንጣፉ ላይ እንደ ማር ፈስሷል፣ እዚያ ማዶ ደግሞ የሌሊት መብራት ከፈሰሰበት ሜዳ ላይ ልጆቹ ውሃ ውስጥ እንዳሉ ዓሦች ተከታትለው ይንሳፈፋሉ። የእኛ ልጆች አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሰው መሐል ላይ አሉ። አንድ ዙር። አምስት ዙር። አሥር። እኔ በአንድ ወቅት አገር ቤት ያለሁ መሰለኝ፤ ቀጥሎ የትም ያለሁ አልመሰለኝም። ከጎኔ የተቀመጠው ብየዳ ሠራተኛ የሆሳዕና ልጅ በጣቱ ዙር ይቆጥራል፤ ጣቱ ሲያልቅበት የእኔን ይዋሳል።

የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ። እኛ አልሰማነውም፤ የሯጮቹ ትከሻ ሲሰማ ግን አየን። ልጃችን ወጣች። እንዴት እንደወጣች ልነግራችሁ አልችልም፤ አንድ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ ጉዳይ አለብኝ ብሎ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ሌሎቹ ቀሩ። በዚያን ጊዜ ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ነገር ሰማሁ፤ በሹክሹክታ፣ ግን ሰማሁ። ጋሽ ጴጥሮስ «እመቤቴ ማርያም! እመቤቴ!» ይላል። ትርንጎ ደግሞ «ኢየሱስ! ጌታ ኢየሱስ!» ትላለች። ከየት እንደመጣባቸው እነሱም አያውቁም፤ ከዚያ ወዲህ አንዳቸውም አንስተውት አያውቁም፤ እኔም ለእናንተ ብቻ ነው የማወራው።

የመጨረሻውን መስመር ቀድማ አለፈች። ወርቅ!

አሥራ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ዘለለ፤ አሥራ አምስት ሰው እንደ ድመት በጣቱ ጫፍ አረፈ። ብየዳ ሠራተኛው ትራስ ነከሰ። ማርታ የባሏን ጀርባ በቡጢ ትደበድባለች፣ ቡጢው ግን ከጀርባው አንድ ስንዝር ቀድሞ ይቆማል። ተቃቀፍን፣ አፋችንን ከፈትን፣ የአንገታችን ሥር ተገታተረ፤ ምንም የለም። ትርንጎ ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ በዓይኗ እንባ እየወረደ፣ ባለችበት ትሽከረከራለች። ያ ነው ሕልሙ። ደስታችን ክፍሉን ሞልቶ፣ ግድግዳውን ገፍቶ፣ መውጫ አጥቶ በላያችን ላይ ሲመለስ ይታወቀኝ ነበር።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ።

ሰው እንዲህ ይፈጥናል ብላችሁ አትገምቱም። ሴቶቹ ወደ መኝታ ቤት፣ መጽሐፍ ቅዱሶቹ ወደ ሩዝ ጆንያ፣ እኔ ወደ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ወደ መጋረጃው ሥር። እንደገና ተንኳኳ። ጋሽ ጴጥሮስ ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተ፤ የሚወስዱት ከሆነ ሥርዓት ይዞ ለመሄድ መሰለኝ። ከፈተ።

በሩ ላይ የቆመው አቡ ሷሊሕ ነው። አቡ ሷሊሕ የመናዊ ነው፤ ከሕንፃው ሥር ያለው ሱቅ ባለቤት፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ ኮስታራ ሰው። በክንዱ አንድ ካርቶን ቀዝቃዛ ጭማቂ ታቅፏል።

«ያ ቡትሮስ፣» አለ የጴጥሮስን ስም በዐረብኛ ጠርቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰው ሞቶባችኋል እንዴ?»

«የለም፣» አለ ጋሽ ጴጥሮስ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነን።»

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ? ልጃችሁ አሸነፈች እኮ! ሱቅ ውስጥ ሆኜ አይቻለሁ። አሁን ይጮኻሉ፣ ያኔ ወጥቼ መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ እላቸዋለሁ ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ምንም የለም። በሌላው አርብ ስትዘምሩ ሱቄ ድረስ ይሰማል፤ ዛሬ ምን ነካችሁ?»

ጋሽ ጴጥሮስ የበሩን መዝጊያ ያዘ። «ስንዘምር?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ! ያቺን ቀስ ያለችውን ባለቤቴ ትወዳታለች። ፈጣኗን ግን ከቀትር በኋላ ካለው የዐስር ሶላት በፊት ባታደርጓት ጥሩ ነው፤ አባቴ የሚተኛበት ሰዓት ነው።» ከዚያ በጋሽ ጴጥሮስ ትከሻ ላይ አሻግሮ ግድግዳው ላይ ወደሚያጓራው ነገር በአገጩ አመለከተ። «ይልቅ እሱን አሠራው፤ ወላሂ የሚረብሸን እሱ ነው።»

ካርቶኑን ደፉ ላይ አስቀመጠ፣ «ማፊ ሙሽኪላ» አለ፣ ምንም ችግር የለም ማለቱ ነው፣ ደረጃውን ወረደ።

በሩ ተዘጋ። ብየዳ ሠራተኛው፣ «ወጥመድ ቢሆንስ?» አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም አስቤዋለሁ። ጋሽ ጴጥሮስ መሐል ሳሎን ቆሞ አንዴ በሩን፣ አንዴ እኛን ያያል፤ ፊቱ ላይ ሦስቱ ዓመት ይታየኛል፣ የዋጥነው ሁሉ፣ የቆጠብነው ሁሉ። ከዚያ ሄደና ኤሲውን አጠፋው።

ፀጥታ። ያን ቤት ያለዚያ ድምፅ ሰምተነው አናውቅም ነበር።

ትርንጎ ከመኝታ ቤት ብቅ አለች። «እና አሁን ይቻላል?»

«አንድ ጊዜ ብቻ፣» አለ ጋሽ ጴጥሮስ።

ወደ መስኮቱ ሄደች፤ መጋረጃውን ገለጠች፤ አገጯን ቀና አድርጋ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ጉሮሮዋን ጠረገች። እንደገና ሞከረች፤ አየር ብቻ። ዞራ ስታየን ፊቷ እንደ ልጅ ሆኖ ነበር።

«ጠፋብኝ፣» አለች። «ጋሼ፣ ጠፋብኝ እኮ።»

ማርታ ከካርቶኑ አንድ ጭማቂ አውጥታ ከፈተችላት፤ ጀርባዋን እያሻሸች አስጠጣቻት። «አልጠፋም። ተኝቶ ነው። ቀስ ብለሽ ጥሪው።»

በሦስተኛው መጣ። መጀመሪያ የተሰነጠቀ፣ ቀጭን፣ የሌላ ሰው የመሰለ፤ ከዚያ ሞላ። እልልልልል ብሎ በመስኮቱ ወጣ፤ በቱቅባ ጣሪያዎች ላይ፣ በተሰጡት ቱታዎች፣ በዲሾቹና በእርግቦቹ ላይ አልፎ ወደ ባሕሩ በኩል ሄደ። አንድ ጊዜ ብቻ የተባለው ነገር ተረሳ። ሌሎቹ ሴቶች ተከተሉ፤ እኛም ወንዶቹ፣ የምናውቅበትም የማናውቅበትም፣ ጮኽን። ታች መንገድ ላይ አንድ የማናውቀው ሰው ቀና ብሎ እጁን አወዛወዘልን። እስኪደክመን ጮኽን። የምሽቱ ሶላት፣ የመግሪብ፣ አዛን ሲጀምር ትርንጎ ራሷ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «እሽሽ» አለችን፤ ሁላችንም ዝም አልን። ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ያችኛዋ እኛው ፈቅደን የሰጠናት ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ ማዳም ገባች፤ ትርንጎን ስለ ቁርስ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ የወጣው የዝገት ድምፅ ነው። ማዳም ቆማ አየቻት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ብዙ ሰው ያለበት ቤት ስለምታስተዳድር አንዳንዱን ሰው ትረሳዋለች እንጂ።

«ስታለቅሺ ነው ያደርሽው?» አለቻት።

እልልታን በዐረብኛ እንዴት ታስረዳት? ቢሆንላትስ፣ የትና ከማን ጋር ልትል ነው? ትርንጎ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ሻዬን አየሁ።

«አይዋ፣ ማዳም፣» አለች፤ አዎ ማለቷ ነው።

ማዳም ሄዳ የቤቱን ስልክ ይዛ ተመለሰች። «ለእናትሽ ደውዪ፣» አለች። «አሁን።» በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

ደጀን ያለችው እናቷ የራሷ ስልክ የላትም፤ ጎረቤት ተደወለ፣ ተዘጋ፣ ተጠራች፣ እንደገና ተደወለ። ማዳም በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። የእናትየዋ ድምፅ፣ ስልክ ከሩቅ ስለሆነ መጮኽ አለብኝ የሚሉ ሰዎች ድምፅ ነው፤ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ልጄ! ምነው ድምፅሽ? ምን አገኘሽ?»

«ምንም አላገኘኝ እማ፣» አለች ትርንጎ በዚያ በተላጠ ጉሮሮዋ። «እልል ብዬ ነው። አሸነፍን።»

እዚያ ማዶ ክረምት ነው፤ ምናልባት መብራት የለም፤ ምናልባት ማንም አልነገራቸውም።

«አሸነፍን? ማንን?»

ትርንጎ ወጥ ቤቱን ዞር ብላ አየች። የትናንቱ ሰሃን ተቆልሏል። ማዳም በሩን ተደግፋ በርኅራኄ ታያታለች። ልጆቹ ፎቅ ላይ ስሟን እየጠሩ ነው፤ ስሟን መጥራት ስለማይሆንላቸው ሌላ ስም ነው የሚጠሩት።

«እንጃ እማ፣» አለች። «ግን አሸንፈናል።»

«በቃ እሰይ፤ ካሸነፋችሁስ ደግ!» አለች እናትየዋ፣ ደስታዋ ከስልኩ እየፈሰሰ። «ታዲያ መቼ ነው የምትመጪው?»

እኔ ኩባያዬን አስቀምጬ መኪናውን ላጥብ ወጣሁ።