«አውሬ የለም» ብለሽ ፈርሚ

በእኛ አገር እንደ «የለም» የሚቀል መልስ የለም። ስኳር አለ? የለም። ኃላፊው አሉ? የሉም። አለቀ! ማስረጃ አምጡ የሚላችሁ አይገኝም። መከራችሁን የምታዩት «አለ» ያላችሁ ቀን ነው። የት አለ? ስንት አለ? ማን ፈቀደለት? እኔን የዱር እንስሳት ባለሙያዋን የገጠመኝም ይኸው ነው።

አንድ ባለሀብት፣ አቶ ደሳለኝ እንበላቸው፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር የሰሊጥ ማበጠሪያና መጋዘን ሊያቆሙ አሰቡ። ቦታው ላይ ደግሞ ከእርሻ የተረፈች አንዲት ጫካ አለች። ሕግ የሚጠብቀው አውሬ ካለባት አትነካም፤ ከሌለባት ዶዘሩ ቅርብ ካለችው ከኮኪት ከተማ ቆሞ ይጠብቃታል። ይህን አጣርቼ እንድፈርም የተላክሁት እኔ ነኝ። አለቃዬ ሲሸኘኝ፣ ፎርሙን ቶሎ ሞልተሽ ተመለሽ፣ እዚያ በረሃ ከሙቀት በቀር ምን አለ ብለሽ ነው አለኝ። ጎንደር ቢሮው ተቀምጦ የመተማን በረሃ ይተርክልኛል!

ገበሬዎቹን ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ስር ሰብስቤ፣ ካርካዴ እየጠጣን፣ እንደ ፎርሙ ጠየቅሁ። አንበሳ አለ? የለም። ነብር? የለም። ዘንዶ? ኧረ እሱስ ከየት መጥቶ! ድኩላ እንኳ? አይተንም አናውቅ። ይህን የሚነግሩኝ እንግዲህ ዕድሜያቸውን ሁሉ እዚያው ያረሱ ሰዎች ናቸው። ፎርሜ ከላይ እስከ ታች «የለም» ብቻ ሆነ።

ሼህ ኢድሪስ የሚባሉ፣ ሽንፋ ከተማ ላይ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ፣ ወደ ጎን ሳብ አድርገው ምሥጢሩን ነገሩኝ። ልጄ፣ እዚህ አገር አውሬ አለ ያለ ሰው ማሳው ፓርክ የሚሆንበት ይመስለዋል፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ አንቺም አለ ወይ ብለሽ አትጠይቂ፣ ማን በደላችሁ በይ አሉኝ።

ፎርሙን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተመለስሁና፣ ለመሆኑ ማሽላችሁን የሚያጠፋባችሁ ማን ነው አልሁ። ኧረ ጉድ! ያ ሁሉ ዲዳ አፉ ተፈታ። አንዱ ከርከሮን ከሰሰ፣ ሌላው ዝንጀሮን። ዘንዶ ፍየሉን የዋጠበት ተነሣ፤ ነብር ውሻውን ከደጁ የወሰደበት ተከተለ። ሰሊጥ ሊያጭድ ከወሎ የመጣ አንድ ሠራተኛማ፣ አንበሳው ከዚያችው ጫካ ወጥቶ ውሃ ሲጠጣ አይቶ ዛፍ ላይ መዋሉን በምሬት ተናገረ። ይኼ ሁሉ ክስ እያለ ነው እንግዲህ «አውሬ የለም» የተባልሁት! በነጋታው ሼህ ኢድሪስ እየመሩኝ ገባሁ፤ የአንበሳውን ዱካ አገኘሁ። መዳፌን ብዘረጋበት ዋጣት። ልቤ በደስታ ዘለለ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጎንደር ገባ። አለቃዬ ደወለና፣ የለም ብለሽ ፈርሚ፣ አለዚያ ሌላ ሥራ ፈልጊ አለኝ። አቶ ደሳለኝም ሁለት ዘበኞች ፒካፓቸው ላይ ጭነው መጡ። እዚህ ጫካ ውስጥ አይጥ እንኳ የለም፣ ልማት ልታደናቅፊ ነው ወይ ብለው ጮኹብኝ። ደሜ ፈላ። ማን ልማት ጠላ? ሰሊጡም ይበጠር፣ መጋዘኑም ይቁም። ግን ያን ሁሉ ሜዳ መንጥረን ስናበቃ፣ ለመጋዘን የሚሆን ቦታ የጠፋው እዚች ጫካ ላይ ስንደርስ ነው? ሥራ ዛሬ ባጣ ነገ አገኛለሁ፤ አንበሳ ግን ከየት ይመጣል? ምን ቆርጦኝ ነው የምፈርመው!

ገበሬው ከቦ እያየ፣ «አውሬ የለም» የሚል ወረቀት የመኪናቸው ኮፈን ላይ ዘረጉልኝ። እስክሪብቶዬን አወጣሁና፣ እሺ ጋሼ፣ እፈርማለሁ አልኋቸው። ፊታቸው በራ። ነገር ግን፣ አልሁ፣ እዚህ ሆኜ ስለዚያ አልመሰክርም፤ ዘበኞችዎ ከነክላሻቸው እዚሁ ይቆዩ፣ እኔና እርስዎ ብቻችንን ጫካው መሀል ገብተን እንፈርም።

አቶ ደሳለኝ ጫካውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግመው ጫካውን አዩ። ያለ መሣሪያ? አብደሻል እንዴ፣ እኔ ልጆች አሉኝ እኮ አሉ።

የሆነውን ሁሉ ጽፌ ከአለቃዬ በላይ ላለው ቢሮ ራሴ አስገባሁ፤ ከሥራም ተባረርሁ። ሪፖርቱን ያዩት ኃላፊ ዱካውን «የውሻም ሊሆን ይችላል» ብለው ሊያልፉት ነበር አሉ። የገበሬውንም ክስ «ተራ ወሬ» ብለውት ነበር። የባለሀብቱን ቃል ሲያነቡ ግን፣ ጫካዋ እንዳትነካ ብለው ማኅተሙን መቱበት፤ ለካስ እሳቸውም ልጆች አሏቸው።